በፊደል ለመሳል የቱ ይሻላል? የእንግሊዝኛ ታይፕ፣ የአማርኛ ታይፕ፣ ኮምፒውተር ወይስ ካሬ ወረቀት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ መጥታ፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የአንድ ሽማግሌ ፊት ነው። «አጎቴ፣ እስቲ አጉላው» አለችኝ። ሳጎላው ሽማግሌው ጠፋ። የቀረው ቅንፍ፣ ኮከብና የፐርሰንት ምልክት ብቻ ነው። መልሼ ሳሳንሰው ሽማግሌው ቁጭ ብሎ ያየኛል።

«በታይፕ ነው የሠሩት። እኔም መጀመር እፈልጋለሁ። ታይፕ ልፈልግ ወይስ በላፕቶፕ ይሆናል?»

አቦል ላይ የጀመርኩት መልስ በረካ ላይም አላለቀም። ስለዚህ ለሷ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው። አራቱንም መንገድ ሞክሬያለሁ። ያበላሸሁት ወረቀት ቢከመር ለአንድ ቀን እንጀራ ጋገራ ማገዶ ይበቃል።

መጀመሪያ ይህን ለዩ

በፊደል መሳል ሲባል ሁለት ሥራዎች ይደባለቃሉ። አንደኛው ሥዕል ነው። እዚያ ፊደል ማለት ቀለም ማለት ነው። ማንም አያነበውም። ኤም የምትመታው ኤም ስለሆነች ሳይሆን ስለምትጠቁር ነው። ሁለተኛው ግጥም ነው። እዚያ ቃሉ ይነበባል፤ ግን ወረቀቱ ላይ የተቀመጠበት ቦታ የነገሩን ግማሽ ይናገራል። በዓለም ላይ ኮንክሪት ግጥም ይሉታል። ከሲሚንቶ ጋር ዝምድና የለውም። ቃሉ እንደ ዕቃ ቆሞ የሚታይ፣ የሚጨበጥ ስለሆነ ነው።

ሥዕሉ ዕድሜው ከመሣሪያው ብዙም አያንስም። ሬሚንግተን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ታይፕን ለገበያ ያቀረበው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። በ1898 ፍሎራ ስቴሲ የምትባል እንግሊዛዊት በቅንፍ፣ በሰረዝና በነጥብ ቢራቢሮ ሠርታ አሳየች። ከዚያ ወዲህ ካሉት እኔን የሚያስደንቀኝ አሜሪካዊው ፖል ስሚዝ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሴሬብራል ፖልሲ የሚባለው የአካል እንቅስቃሴ ሕመም ስለነበረበት እጁ እንደልቡ አይታዘዝለትም ነበር። ሺፍቱን ቆልፎ፣ ከላይኛው ረድፍ ያሉትን ምልክቶች ብቻ እየመታ፣ ባቡርና የሰው ፊት ይሠራ ነበር። በ2007 በ85 ዓመቱ እስኪሞት የሠራው ሥዕል ቁጥሩ ብዙ ነው። እጄ አይረጋም፣ ሥዕል አልችልም ለሚለኝ ሰው የማነሳው እሱን ነው።

ግጥሙ ሌላ መንገድ መጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ቦሊቪያ ተወልዶ ስዊዘርላንድ የኖረው ኦይገን ጎምሪንገር፣ በብራዚል ደግሞ ሳኦ ፓውሎ የተሰባሰቡ ሦስት ወጣት ገጣሚዎች፣ በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ጀመሩ። ጎምሪንገር «ዝምታ» የሚለውን ቃል በአምስት መስመር 14 ጊዜ ደረደረና መሃሉን ባዶ ተወው። 15ኛው ቃል የለም። ዝምታው ያለው እዚያ ነው።

በሁለቱ መሃል የቆመ አንድ ሰው አለ፤ ለጎንደር ሰው ስሙ ቢነገር ደስ ይለኛል። ዶም ሲልቬስተር ሁዌዳር ይባላል። እንግሊዝ አገር ገዳም የገባ መነኩሴ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አርትኦት ላይ ይሠራ ነበር። በተረፈው ጊዜ ደግሞ በትንሿ ኦሊቬቲ ታይፑ ባለ ቀለም ሪባንና (በቀለም የተነከረውን የታይፕ ጥብጣብ) ካርቦን እየቀያየረ፣ አየር ላይ የተንሳፈፉ ደረጃዎችና አምዶች ያወጣ ነበር። የቃል ዘር የሌለባቸው ገጾች አሉት። እዚህ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ ካያችሁ ነገሩ አይገርማችሁም። አንድ የመልአክ ፊት በረድፍ በረድፍ ይደገማል፤ ግን የዚህኛው ዓይን ወዲህ ያያል፣ የዚያኛው ወዲያ። ታይፕም እንዲሁ ነው። ያው ፊደል ደጋግሞ ይመታል፣ ሁለቴ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም።

እና ጥያቄው መሣሪያው አይደለም። ሥዕል ነው የምፈልገው ወይስ ግጥም? ይህን ከመለሳችሁ ምርጫው ግማሹ አልቋል።

የእንግሊዝኛ ታይፕ፦ ለሥዕል

ሥዕል ላላችሁ ሰዎች ከዚህ የሚሻል የለም። ምክንያቱን በራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

በእንግሊዝኛ ታይፕ ላይ ፊደሎቹ ሁሉ እኩል ቦታ ይይዛሉ። ቀጭኗ አይም ሰፊዋ ደብልዩም የሚደርሳቸው ክፍል አንድ ነው። በብዙዎቹ ላይ በአንድ ኢንች 10 ፊደል ይገባል። ደቀቅ ባለው 12። ወደ ታች ግን በአንድ ኢንች 6 መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ካሬ አይደለም፤ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። እኔ ይህን አላወቅሁም።

የፋሲልን ግንብ ልሠራ ተነሳሁ። አራቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ማማዎች ጫፋቸው እንቁላል ይመስላል። እንቁላል ግንብ የሚባለውም ለዚያ ነው። እንቁላሉን 20 ፊደል ስፋት፣ 20 መስመር ቁመት ሰጠሁት። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ወረቀቱን ከሚጠቀለልበት ሮለር ሳወጣው ማማው ላይ የተሰካው የበቆሎ እሸት ነው። አራት ማማ፣ አራት እሸት። ሒሳቡ ቀላል ነበር። 20 ፊደል ማለት 2 ኢንች ነው። 2 ኢንች ወደ ታች ደግሞ 12 መስመር ነው። እኔ 20 ስሰጠው ከ3 ኢንች አለፈ። እንግዲህ በዚች ያዙ፦ ለ10 ፊደል ወርድ 6 መስመር ቁመት። ኤ4 ወረቀት ዳር እስከ ዳር 82 ፊደል በ70 መስመር ግድም ይይዛል። ዳርዳሩን ስትተዉ 70 በ60 አድርጉት።

ንድፉን በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ ወረቀቱ ላይ አስምሩት። ከዚያ ላዩ ላይ ምቱ። ሲደርቅ በላጲስ ይጠፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ላጲስ ያነሳ ሰው ግንቡን በጭጋግ ያለብሰዋል፤ ይህንንም ሞክሬዋለሁ።

የታይፕ ጣዕሙ ጥላው ላይ ነው። ነጥብና ሰረዝ ለሰማይ ይሆናሉ። ኤም፣ ደብልዩና የቁጥር ምልክቷ (#) ለበሩ ጨለማ። ይህ የታወቀ ነው። ያልተነገረው ጣት ነው። በእጅ ታይፕ ያው ፊደል ለስለስ ብሎ ሲመታ ግራጫ፣ ጠንከር ሲል ጥቁር ይሆናል። ኮምፒውተር ይህንን አያውቅም። ደግሞ መደረብ አለ። አንድ ፊደል ወደ ኋላ ትመለሱና ኦ ላይ ኤክስ ትመታላችሁ። የሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ምልክት ይወጣል። የግንቡን ድንጋይ ያገኘሁት በዚህ ነው፤ ሁሉም ድንጋይ ይለያያል፣ ሁሉም ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ያስቸግራል። በመስመርና በመስመር መሃል ነጭ ሽንትር ይቀራል። የምታጠቁሩት ቦታ በር ሳይሆን የቆርቆሮ አጥር ይመስላል። መላው ሮለሩን ግማሽ መስመር ብቻ አዙሮ በክፍተቱ ላይ እንደገና መምታት ነው። ብዙ ታይፕ ላይ የሮለሩን ጥርስ የሚፈታ ማንሻ ወይም ጫፉ ላይ የሚጫን ቁልፍ አለ። እሱን ስትለቁት ወረቀቱ እንደፈለጋችሁ ይንሸራተታል። የእንቁላሉን ክብ ያዳነልኝ እሱ ነው።

ቀጭን ወረቀት አይቻልም። ኦ ደጋግማችሁ ስትመቱ ወረቀቱ ይበሳል፤ ብርሃን ላይ ስታነሱት ወንፊት ነው። ከጀርባው ሌላ ወረቀት ደርቡ፤ ሮለሩም ይተርፋል።

ሪባን ዋናው ራስ ምታት ነው። በአብዛኛው ስፋቱ ግማሽ ኢንች ነው፤ የሚለያየው የሚጠቀለልበት ሽክርክሪት ነው። ስለዚህ ሽክርክሪቱ አልገባ ካለ አትጣሉት። አዲሱን ሪባን በአሮጌው ላይ በእጅ ጠቅልሉት። እጃችሁ ሁለት ቀን ጥቁር ሆኖ ይቆያል። እኔ ከአንድ ሱቅ እንደታሸገ የገዛሁት ሪባን ሲከፈት ደርቆ ተገኘ። ሻጩ «ያልተነካ እኮ ነው» ይለኛል። እኔን የቸገረኝም ለዓመታት አለመነካቱ ነው። በኋላ ዘይትነት ባለው የማህተም ቀለም አርሼ አንድ ሌሊት አሳድሬ አስነሳሁት። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ የሆነ ካገኛችሁ አትለፉት፤ በአንዲት ማንሻ ቀለም ይቀየራል።

ድምፁንም አስቡበት። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ እናንተ በሻማ ትቀጠቅጣላችሁ። ጎረቤቴ ጠዋት «ሌሊት ምን ስትጠርብ አደርክ?» ብላኛለች። መብራት አለመፈለጉ ግን እዚህ አገር ትንሽ ጥቅም አይደለም።

የአማርኛ ታይፕ፦ ቤት ካለ

አክስቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታይፒስት ነበሩ። ታይፑን የጨርቅ ልብስ አልብሰው አልጋ ሥር አስቀምጠውታል። ልዋሰው ስል አራት ጊዜ ነው የተመላለስኩት። «ይኼ ለጨዋታ የተሠራ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ታይፕ 44 ግድም ቁልፍ አለው። አንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ 88 ይሆናል። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ፊደሉን ቆራርጠው አስገቡት። ግዕዙን ትመታላችሁ፤ ከዚያ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ምልክት ትለጥፉበታላችሁ። ከጅምሩ ጋር የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሳል። በኋላ ኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕ እየሠራ በየቢሮው ገባ። ዕድሜው የፈቀደ ሰው የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስታውሳል፤ ምልክቷ ከፊደሉ ተለይታ እንደ ጆሮ ጌጥ ተንጠልጥላ።

ለሥዕል አልመክረውም። አንዱን ፊደል ለማውጣት ሁለቴ መምታት አለባችሁ። ይህ ብቻ ቢሆን በታገስኩት። ዋናው ችግር ጥቁረት ነው። የእንግሊዝኛው ከነጥብ እስከ ኤም ሰፊ መሰላል አለው። የእኛ ፊደሎች እግራም፣ ወፍራም፣ መሃል ላይ የተሰበሰቡ ናቸው። ነ እና ጨ ይለያያሉ፣ ግን ከሩቅ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። ስስ ነገር ስትፈልጉ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ላይ ትወድቃላችሁ። በዚያ ብቻ ሰማይ መሥራት ይቻላል፤ ፊት መሥራት አይቻልም።

ግን አንድ በረከት አለው፤ ሌላ የትም አታገኙትም። ያ የተቆረጠው ምልክት ብቻውን ይመታል። ፊደል የሌለው ካዕብ። ጌታ ያጣ ጅራት። አንድ ገጽ ሙሉ ምልክት ብቻ መታሁና ለአክስቴ አሳየሁ። በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«ይኼ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሪባኔን ለምን ትጨርሳለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ገጹ ግን አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። ከሩቅ የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲያጎነብሰው ይመስላል።

አክስቴ የሰጡኝ ትልቁ ነገር ታይፑ ሳይሆን የካርቦን ትምህርት ነው። ድሮ አንድ ደብዳቤ አምስት ኮፒ ይወጣለት ነበር። ወረቀት፣ ካርቦን፣ ወረቀት፣ ካርቦን እያደረጉ ይደራርቡታል። የመጨረሻው ኮፒ ደብዘዝ፣ ለስለስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከዋናው የሚያምረው እሱ ነው። በምሥራቅ በርሊን ሩት ቮልፍ ሬፌልት የምትባል ሴት በቢሮ የተማረችውን ታይፕ ይዛ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ትሠራ ነበር። የካርቦን ኮፒዎቿን በፖስታ ድንበር እያሻገረች ለሌሎች ሠዓሊዎች ትልክ ነበር። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ በ1990 አቆመች።

ባጭሩ፦ ዘመድ ቤት የአማርኛ ታይፕ ካለ ደጅ ጥኑ። ከሌለ ለመጀመሪያ ብላችሁ አትግዙ። ፊደል የምትመታ አንዲት ዘንግ ብትሰበር የሚተካት ማግኘት ፈተና ነው።

ኮምፒውተር፦ ለሚሳሳት ሰው

የኮምፒውተር ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትሳሳታላችሁ፣ ታጠፉታላችሁ፣ ያየ የለም። ለእንግሊዝኛ ፊደል ሥራ ኩሪየር የሚባለውን ቅርጽ ምረጡ፤ እንደ ታይፕ ለሁሉም እኩል ቦታ ይሰጣል። ገና ሥዕል ማሳየት የማይችሉ ኮምፒውተሮች በነበሩበት ዘመን ሰዎች በፊደል ሥዕል ይለዋወጡ ነበር። አስኪ የሚባለው በ1963 የወጣው የኮምፒውተር የፊደል ሰንጠረዥ 128 ቦታ ነበረው፤ በኋላ ተሻሽሎ ሲያልቅም ሊታተም የሚችለው 95ቱ ነው። በዚያች ጠባብ ጓዳ ብዙ ተሠርቷል።

አማርኛ ሲሆን ነገር ይበላሻል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በሚግባቡበት የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ችግሩ ግን እሱ አይደለም። ችግሩ በየኮምፒውተሩ ያሉት የአማርኛ ቅርጾች ስፋታቸው እኩል አለመሆኑ ነው። ነ ጠባብ ናት፣ ጨ ሰፊ ናት። በስፔስ እየገፋችሁ ያቆማችሁት አምድ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲንገዳገድ ታዩታላችሁ። ሰዓቴን በላው።

መድኃኒቱ ኤክሴል ነው። አትሳቁ። የአምዱን ስፋት 2.14፣ የረድፉን ቁመት 15 አድርጉት። በተለመደው የፊደል መጠን ሁለቱም 20 ፒክስል ይሆናሉ፤ ጥርት ያለ ካሬ። በየሳጥኑ አንድ አንድ ፊደል አስገቡና መሃል አድርጉት። ሲያልቅ መስመሮቹን ደብቁ። አሁን ነም ጨም እኩል ክፍል አላቸው። ከታይፑም ይበልጣል፤ እሸት የሆነ ግንብ አይገጥማችሁም።

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ ግን ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ሂዱ። እኔ እንዳለ በፍላሽ ይዤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የእነሱ ኮምፒውተር ላይ እኔ የተጠቀምኩት የፊደል ቅርጽ የለም። ግጥሜ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ልጁ አይቶት «ጋሼ፣ ይኼ ዲዛይን ነው?» አለኝ። ደፍሬ አዎ ብል ኖሮ ምናልባት ከግጥሙ የተሻለ ነበር።

ፎቶ ስታስገቡ በሰከንድ ወደ ፊደል የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ጨዋታ ናቸው። አንድ ፊት የት ጋ እንደሚጠቁር ለማየት እጠቀምባቸዋለሁ፤ ሠራሁት ለማለት ግን አፌን ይይዘኛል።

ስልክስ? ስልክን ተዉት። በጎን ያሰለፋችሁትን ቴሌግራም በሌላ ሰው ስክሪን ላይ ያጥፈዋል። የላካችሁት መስቀል እሱ ጋ ሲደርስ ክምር ድንጋይ ነው። መላክ ካለባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ።

ካሬ ወረቀት፦ ለአማርኛ ግጥም

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አይደለም።

ግራፍ ወረቀት ወይም ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ። በየካሬው አንድ ፊደል። በቃ። ለምን ይሠራል? የእኛ ፊደል ድሮም ካሬ ውስጥ ነው ያደገው። የፊደል ገበታውን አስቡት። ወደ ጎን ሰባት ቤት፣ ወደ ታች ሠላሳ ሦስት። ሕፃን ሆነን ወደ ጎን «ሀ ሁ ሂ» እያልን፣ ወደ ታች «ሀ ለ ሐ» እያልን በእንጨት እየጠቆምን አነበብነው። ቃል የለበትም፣ ግን ይዘመራል። ከዚህ በላይ ኮንክሪት ግጥም የት ይገኛል?

አንድ ፊደል አናባቢውን ይዞ ስለሚቆም ቃሉ ያጥራል፤ ትንሽ ቅጥል ስትነካ ሌላ ቃል ይሆናል። ይህን ወደ ታች ጻፉት፦

ሰም
ስም
ሳም
ሰማ
ሳመ

አምስት መስመር፣ ሁለት ፊደል። እንግሊዝኛ ይህን ለማድረግ ብዙ ይለፋል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከየቃሉ ፈልጉ፤ አንድ ከሰዓት አይሞላም፣ ሃያ ታገኛላችሁ።

ሌላው ሀብታችን መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። ለመዝገበ ቃላት ጸሐፊ ጣጣ ነው፤ ለገጣሚ ግን ሲሳይ። ቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች አገር ውስጥ ይህን ማብራራት ይከብደኛል፤ ምሳሌ ልስጥ። ገና ላልቶ ሲነበብ «አልደረሰም» ነው። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው።

ገና ገና ገና ገና ገና
ገና ገና ገና ገና
ገና ገና ገና
ገና ገና
ገና

የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነበው ሰጠሁት። ከላይ እያላላ፣ እያዘነ ወረደ። መጨረሻዋን ማንም ሳይነግረው አጠበቃት። ያው ሁለት ፊደል ነው። ያጠበቀው ቅርጹ ነው፤ ወረቀቱ እየጠበበ ሲሄድ በዓሉ ቀረበ። ይህን በታይፕ ብመታው፣ በኤክሴል ብሠራው ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው ለመጀመር መሣሪያ አያስፈልግም የምለው።

አስቸጋሪ ጎንም አለው፤ በአንድ ሌላ ነገር ላሳያችሁ። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ። በስቅለት የሚነሱትን የአምስቱን ቅንዋተ መስቀል ስሞች የማያውቅ የለም። ከአገር ወጥታችሁ ስትሄዱ ግን የፊደል ካሬ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በላቲን ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ የሚሉ አምስት ቃላት አሉ፤ እያንዳንዳቸው አምስት ፊደል። አንዱን በአንዱ ሥር ሲደረድሩት ከላይም፣ ከታችም፣ ከግራም፣ ከቀኝም ብታነቡት ያው ነው። ጣሊያን አገር ፖምፔ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ተጭሮ ተገኝቷል፤ ፖምፔ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው በ79 እ.ኤ.አ. ነው። ቃሉ መንገድ ሲሄድ ኖሮ እኛ ጋ ስም ሆኖ ገባ። ካሬው ግን አልገባም። ሳዶር በእኛ ፊደል ሦስት ነው፣ አላዶር አራት። የላቲኑ አናባቢና ተነባቢ ለየብቻ ስለሚቆሙ ወደ ኋላ ሲነበቡ ይገጥማሉ። የእኛው ተጣብቀው ስለሚሄዱ ወደ ኋላ ስታነቡት ቃሉ ይሰበራል። ስለዚህ ከግራም ከቀኝም የሚነበብ አማርኛ ለመሥራት የምታስቡ ሰዎች፣ ትዕግስት ይስጣችሁ። ለእኛ የሚቀናው መሰላል፣ ክምር፣ ጠብታና ቀዳዳ ነው።

ታይፕ ልትገዙ ከሆነ

ሥዕሉ አሸንፏችሁ ታይፕ ፍለጋ ከወጣችሁ የራሳችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ «ይሠራል» ሲላችሁ «እስቲ ልምታው» በሉ። አንዲት ፊደል ከዳር እስከ ዳር ምቱ። ቦታ ከዘለለች ወይም ከተደራረበች ሥዕል አይወጣላትም፤ ለማመልከቻ ግን ይሆናል። ትልቁንና ትንሹን ፊደል አቀያይሩ፤ አንዱ ከመስመር ከፍ ዝቅ ካለ የሺፍቱ ችግር ነው። ሮለሩን በጥፍር ጫኑት። እንደ ድንጋይ ከሆነ ደርቋል፣ ወረቀት ይበሳል፣ ድምፁም ሰፈር ያስነሳል። ሪባኑ በሁለቱም አቅጣጫ መሄዱን እዩ።

ዘንጎቹ ከተጣበቁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው። በትንሽ ቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ከእሳት ራቅ ብላችሁ ጥረጉ። ዘይት ግን ዘንጎቹ ላይ አታፍሱ። ለአንድ ሳምንት ቅቤ ይሆናል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስብና ሙጫ ይሆናል። አንድ ጠጋኝ ለእኔ ያደረገልኝ ይህንኑ ነው። ዘይቱን አስከፈለኝ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ዘይቱን ማስወጫ አስከፈለኝ።

የእህቴ ልጅ ሽማግሌውን ለጊዜው ተወችው። ካሬ ደብተር ገዛች። ሦስተኛው ቀን ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ የእኛ አሸንዳ እንደተለመደው ጎረቤት ግቢ ሲያንጠባጥብ፣ ይህን ጽፋ አመጣች፦

ጠብ

ጠብ

ጠብ
ጠብ
ጠብ ጠብ
ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ ጠብ

በታይፕ ይመታላት ብዬ ወደ አክስቴ ወሰድኳት። አክስቴ ልብሱን ገልጠው፣ ወንበር ስበው፣ ራሳቸው መቱት። አሥራ አንድ ቃል ነው፤ ጣታቸው አልረሳም። ወረቀቱን አውጥተው አነበቡት። ላይ ላዩን እያጠበቁ ጀመሩ፤ ውኃው ይንጠባጠባል። ታች ሲደርሱ ላላ አደረጉትና ሳቁ።

«አሸንዳውን አስጠግኑ እንጂ» አሉና ለታይፑ ልብሱን መልሰው አለበሱት።